ባለቤቷ ያልመጣች ጄሪካን

ትናንት ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሰው ሁሉ ምሳውን በሚበላበት ሰዓት፣ አምሳሉ ጠረጴዛው ላይ ግንባሩን ደፍቶ ሕልም አየ። «ሕልም ተፈርቶ ሳይተኛ አይታደርም» ይባላል፤ እሱ ግን አስራ አንድ ሌሊት ሙሉ በቅጡ ሳይተኛ አድሮ ስለነበር እንቅልፉ ቀን ጠብቆ ተበቀለው።

እንቅልፍ የነሳችው ሴት ከጀርባው ሁለት ሜትር ርቀት ላይ ተቀምጣለች። ሚስቱ ፋናዬ ናት። ሁለቱም አራተኛ ፎቅ ላይ ባለች አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ለአንድ የሕክምና ላቦራቶሪ የኮምፒውተር ፕሮግራም ይሠራሉ። የፋናዬ ፕሮግራም የደም ምርመራውን ውጤት ከመሣሪያው ያነባል፤ የአምሳሉ ፕሮግራም ያንኑ ተቀብሎ ሐኪሙ ፊት ያደርሳል። መጀመሪያ ላይ ሁለቱ ፕሮግራሞች የሚገናኙት እንደ ስልክ ነበር። አንዱ ይደውላል፣ ሌላው እስኪያነሳ ድረስ ሥራ ፈትቶ ይጠብቃል። ያኛው ሌላ ሥራ ከያዘ ሁለቱም ተገትረው ይቀራሉ። መላ ያመጣችው ፋናዬ ናት።

«በመካከላቸው ወረፋ እናብጅላቸው» አለች። «የእኔው መልእክቱን ወረፋው ላይ አስቀምጦ ወደ ሥራው ይሄዳል፣ ያንተው ሲመቸው ያነሳል። ማንም ማንንም ቆሞ አይጠብቅም። ቦኖ ውሃ ላይ ጄሪካንህን አሰልፈህ ወደ ጉዳይህ ትሄድ የለም? እሱን በለው።»

ወረፋው ተሠራ፤ ውጤት በቅጽበት ይደርስ ጀመር። እያንዳንዱ መልእክት ግንባሩ ላይ ቁጥር አለው። አንድ ቁጥር የሥራ ነው። ሁለት ቁጥር ደግሞ ሳይጋቡ በፊት ለሙከራ ብለው ከፍተውት «ምሳ እንውጣ?»፣ «ዛሬ ያደረግሽው ሻሽ አምሮብሻል» ይባባሉበት የነበረ፣ የሁለቱ ብቻ የሆነ ቁጥር ነው። ትዳራቸው የተጠነሰሰው እዚያ ወረፋ ውስጥ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከአስራ አንድ ቀን በፊት፣ እሑድ፣ ቤታቸው እንግዳ ነበር። ፋናዬ ስለ አባቷ ማውራት ጀመረች። አባቷ አቶ ይመር ደሴ ላይ ሃያ ሁለት ዓመት ቦኖ ውሃ ሲያስቀዱ የኖሩ፣ ከሠርጋቸው በፊት ያረፉ ሰው ናቸው። ወሬው ጄሪካኗን ሰልፍ ላይ አስቀምጣ ስለጠፋች አንዲት ሴት ነው። «አባዬ በየቀኑ ጠዋት ያቺን ጄሪካን…» ከማለቷ አምሳሉ «ይቺንማ ሰምተናታል!» አለ። እንግዶቹ ሳቁ። ፋናዬም ለእንግዳ ደንብ ፈገግ አለች። ከዚያ ወዲህ ግን አንዲት ቃል አልተነፈሰችለትም።

ዝም አይነቅዝም ይባላል። የእነዚህ ዝምታ ግን ሳምንት ሳይሞላው ነቅዞ ነበር። ቢሮ ውስጥ የሥራ ነገር ሲገጥማቸው የሚነጋገሩት በሦስተኛዋ ባልደረባቸው በሰአዳ በኩል ነው። «ሰአዳ፣ የእሱ ፕሮግራም ዘገየ በይው።» «ሰአዳ፣ አልዘገየም በያት።» ሰአዳ በሁለቱ መካከል ተቀምጣ አንገቷን ስታመላልስ ከርማ «እኔ ራሴ እኮ ወረፋ ሆንኩላችሁ!» ብላ ጮኸች። ሁለቱም አልሳቁም።

ባልና ሚስት ካንድ ባሕር ይቀዳል፤ ግትርነታቸውም ከዚያው ባሕር ነው የተቀዳው። እንግዶቹ በመጡ በነጋታው፣ ሰኞ ጠዋት፣ አምሳሉ «የምትለው ካላት በአፏ ትበለኝ» ብሎ ፕሮግራሙን አንድ ቁጥርን ብቻ እንዲያነሳ አደረገው። ከዚያችው ቀን ጀምሮ ወረፋው ላይ የማትነሳ አንዲት ባለ ሁለት ቁጥር መልእክት ተገተረች። ስክሪኑ ጥግ ላይ ያልተነሱ መልእክቶችን የምትቆጥረው ቁጥር «1» ብላ ቆመች። ፕሮግራሙን ዘግቶ ቢከፍተውም አትሄድም፤ ወረፋው የሚኖረው ፕሮግራሙ ውስጥ ሳይሆን ኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ ነውና። ሰአዳ «ያቺ አንዷ ለምንድነው የማትወጣው?» ስትለው «የቁጥር ስህተት ነው» አላት። አንዴ ከፍቶ ቢያያት ምን ነበረበት? ግን ከፍቶ ማየት መሸነፍ መሰለው። አስራ አንድ ቀን ሙሉ ያቺን «1» በጎን እያያት ከረመ።

ትናንትም ሰአዳ ለሶላትና ለምሳ ወጣች። ፋናዬ ምሳ ዕቃዋን ሳትከፍት ጀርባዋን ሰጥታው ቀረች። አምሳሉ «1» ላይ እንዳፈጠጠ እንቅልፍ ወሰደው።

በሕልሙ መጀመሪያ የተነሳው ኮቱ ነበር። ወንበሩ መደገፊያ ላይ የተሰቀለው ኮት ተንጠራርቶ ተነሳና አምሳሉን በአንገቱ ይዞ መደገፊያው ላይ ሰቀለው።

«አለቃ ከመጣ እዚሁ ነው ያለው በል» አለ ኮቱ። «ሻይ ቢጤ ቀማምሼ መጣሁ።»

አምሳሉ ስንት ዓመት ኮቱን ሰቅሎ ሻይ ሊጠጣ እንደወጣ ትዝ ሲለው ለመቆጣት አፈረ። እንደምንም ተወራጭቶ ወረደና ኮቱን ተከትሎ ወጣ። ደረጃው ወደ ታች ሲወርዱት ያደክማል፣ ወደ ላይ ሲወጡት ያንሸራትታል። መንገድ ላይ ሲደርስ አንድ ሚኒባስ ታክሲ አስራ ሁለት ሰዎች ትከሻ ላይ ተሳፍሮ ዳገቱን ሲወጣ አየ። ሰዎቹ በላብ ተጠምቀዋል። ሚኒባሱ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «ጠጋ ጠጋ በሉ፣ አንድ ጎማ ይገባል!» እያለ ይጣራል። አደባባዩ ጋ ሲደርሱ «ወራጅ አለ!» ብሎ ጮኸና ቀስ አድርገው አወረዱት። አመስግኖ በእግሩ ሄደ።

አንድ ሽማግሌ ሰው የአምሳሉን ክንድ ያዙት።

«ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አሉት። «ልጆቹም ደህና ናቸው። ጉልበቴንም ተሽሎኛል። ትልቋም ወለደች፣ ሴት ናት።»

«ምን ብዬ ጠየቅኩዎት?» አለ አምሳሉ።

«ገና አልጠየቅከኝም። ከጠዋት ጀምሮ መልሴን ይዤ እየዞርኩ ነው። ቶሎ ብለህ ጠይቀኝ እንጂ፣ መልሱ ሊበላሽብኝ ነው።»

አምሳሉ ኮቱ እንዳያመልጠው ቸኩሎ ነበርና «በኋላ እጠይቅዎታለሁ» ብሏቸው አለፈ። ሽማግሌው ከኋላው «በኋላ ትላለህ! ሁሉም በኋላ ይላል!» እያሉ ቀሩ። ነገሩ ትንሽ ቆጨው፤ ግን መራመዱን አልተወም።

ጥግ ላይ አንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ነበር። ደጁ ላይ ጸሐፊዎች፣ መዝገብ ቤቶች፣ የመምሪያ ኃላፊዎች ፀሐይ እየመታቸው ተሰልፈዋል። መስኮቶቹ ውስጥ የተቀመጡት ባለ ጉዳዮች ናቸው። አንዲት ነጠላ የለበሱ እናት በመስኮቱ ቀዳዳ የጥጥ እንዝርት እያሾሩ ሰልፉን ያያሉ። ከፊት የቆመው የመምሪያ ኃላፊ ማኅተሙን በሁለት እጁ ይዞ ወገቡን ሰበር አደረገ።

«እትዬ፣ ሦስት ቀን ተመላለስኩ» አለ። «ይሄን ማኅተም አንድ ወረቀት ላይ ካልመታሁት እጄ መድረቁ ነው።»

«ሲስተም የለም» አሉት እናትየው። «ነገ ተመለስ።»

«ነገ ቅዳሜ ነው እኮ!»

«እንግዲያው ሰኞ። አይ፣ ሰኞ ስብሰባ አለኝ፣ ከጎረቤቶቼ ጋር። የሚቀጥለው ሳምንት አይልሃለሁ።»

ኃላፊው ዓይኑን እየጠረገ ከሰልፉ ወጣ። አምሳሉ በሕልሙ ከት ብሎ ሳቀ። ሳቁ ግን የእሑዱን እንግዶች ሳቅ መሰለውና ወዲያው አቆመው።

ጥጉን ሲታጠፍ አዲስ አበባ አለቀችና ደሴ ሆነ። ቶሳ ተራራ ከፊቱ ቆሟል፤ ለምን እንደሆነ የጠየቀ የለም። ከተራራው ሥር አንድ ቦኖ ውሃ አለ። ቧንቧው ግን ውሃ አይሰጥም፤ ይጠጣል። ሰዎች ከየቤታቸው ያመጡትን ውሃ አፉ ውስጥ እያንቆረቆሩለት ይሄዳሉ፣ እሱ ጉርጉር እያደረገ ይውጣል። ሰልፉ እስከ ተራራው ወገብ ይደርሳል። ሰልፉ ላይ የቆሙት ሰዎች ናቸው። ጄሪካኖቹ ሰዎቻቸውን አሰልፈው እነሱ ከግራር ጥላ ሥር ሰብሰብ ብለው ያወራሉ።

«የእኔ ሰውዬ ወደፊት ፈቀቅ ሲል ጥሪኝ» አለች አንዷ ጄሪካን።

«ያንቺስ ደህና ነው» አለቻት ሌላዋ። «የእኔማ ያፈሳል። የነገሩትን አይቋጥር፣ እንዲያው ይዤው እዞራለሁ እንጂ።»

ኮቱ ሰልፉ መጨረሻ ላይ ቆሞ አምሳሉን ጠበቀው። «ጎበዝ፣ በሰዓቱ ደረስክ» አለው። «ወረፋዬን ያዝልኝ።» አምሳሉን ትከሻውን ጫን አድርጎ መሬት ላይ አቆመውና ወደ ጥላው ሄደ። አምሳሉ ሊከተለው ሲል እግሩ ድንጋይ ሆኖ አልነቃነቅ አለው።

ሰልፉን የምታስከብረው ክንዷ ላይ ቀይ ጨርቅ ያሰረች በቅሎ ነበረች። መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ ከወረቀት እያነበበች ትጣራለች።

«ቁጥር አንድ!»

ግንባሩ ላይ «1» የተጻፈበት አንድ ሰው ከመሃል ወጥቶ ወደ ቧንቧው ሮጠ።

«ቁጥር አንድ!»

ሌላ ባለ አንድ ቁጥር ሮጠ። ሰልፉ እንደ ጉድ ይጓዛል። ከአምሳሉ ኋላ የመጡት ሁሉ እየዘለሉት አለፉ። እሱ ግን እዚያው ነው። የራሱን ግንባር ማየት ስላልቻለ ከኋላው የመጣችውን አንዲት ልጃገረድ «እባክሽ ግንባሬ ላይ ምን ይላል?» አላት።

ልጅቷ ቀና ብላ አየችው። «ሁለት ይላል» አለችውና እሷም ተጠርታ ሄደች።

አምሳሉ በቅሎዋን ጮክ ብሎ ጠራት። «ይቅርታ፣ ቁጥር ሁለት የሚጠራው መቼ ነው?»

በቅሎዋ መነጽሯን ዝቅ አደረገች። «ቁጥር ሁለት የሚባል የለም» አለች። «የቁጥር ስህተት ነው።»

«እንዴት ስህተት ይሆናል? ይኸው ቆሜያለሁ አይደል?»

«መቆሙንማ ቆመሃል። አንድ ቁጥርን ብቻ ጥሪ ተብዬ ታዝዣለሁ።»

«ማነው ያዘዘሽ?»

በቅሎዋ ወረቀቱን ገልብጣ አሳየችው። ከሥሩ የራሱ የአምሳሉ ፊርማ ነበረበት፣ ሰኞ ጠዋት የተፈረመ። በቅሎዋም ወረቀቱን መልሳ ነገር ለወጠች።

«ይልቅ እንዲያው ልጠይቅህና» አለች፣ «አባትህ ማነው?»

አምሳሉ የአባቱ ስም ከአፉ ጠፋበት። ተንተባተበ፣ አላበው፣ በመጨረሻ «ሾፌር አጎቴ ነው» አለ።

በቅሎዋ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «እኛ አንዴ ብንለው ስንት ዘመን ስትተርቱብን ኖራችሁ!» አለችና «ቁጥር አንድ!» እያለች ሄደች።

ፀሐይዋ በምሥራቅ በኩል ጠለቀችና ተመልሳ በዚያው ወጣች። አምሳሉ ቆሟል። እንዲህ ሆኖ መቆም ምን እንደሆነ በሕይወቱ አስቦት አያውቅም። ሰው አጠገቡ ያልፋል፣ ማንም ክፉ አይናገረውም፣ ማንም አይገፋውም፤ ብቻ የሚያነሳው የለም። ከመገፋት ይልቅ ይሄ ባሰበት። አልቅስ አልቅስ አለው።

ዝቅ ብሎ ሲያይ ብቻውን እንዳልሆነ አወቀ። ከእግሩ ሥር አንዲት ቢጫ ጄሪካን ተቀምጣለች። በሰዎች ሰልፍ ላይ ያለች ብቸኛዋ ጄሪካን ናት። እጀታዋ ላይ ቀይ ክር ታስሯል፣ ሆዷ ላይ «2» ተጽፏል። እስከ አፏ ሙሉ ናት። ባለ አንድ ቁጥሮቹ ሲሮጡ እሷንም እየዘለሉ ያልፋሉ።

«የማን ናት?» ብሎ ጠየቀ።

«ባለቤቷ ትመጣለች ተብሏል» አለው ከቧንቧው ጎን የመጣ የሽማግሌ ድምፅ።

ቧንቧው አጠገብ ባለች ዱካ ላይ አንድ ሰው ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀምጠዋል። ዞር ሲሉ አምሳሉ አወቃቸው። ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ያለው ፎቶ ውስጥ ያሉት ሰው ናቸው፣ አቶ ይመር፣ የፋናዬ አባት። ያው ፎቶው ላይ ያለችውን ኮፍያ አድርገዋል።

«በቁም ሳንገናኝ ቀረን እንጂ እኔ አንተን በደንብ አውቅሃለሁ» አሉት። «ሳሎንህ ተሰቅዬ አይደል የምውለው? አንተ ነህ ቀና ብለህ አይተኸኝ የማታውቅ። አብሽር፣ አልተቀየምኩም።»

«ይቅር ይበሉኝ» አለ አምሳሉ።

«ተወው ይሄን። ደህና ዕለት መጣህ። እዚህ አገር ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ጠያቂው ሙት ነው፣ መላሹ ሕያው። እኔ አንድ ነገር ረሳሁ።» ዱካቸውን ወደ እሱ ጠጋ አደረጉ። «ያቺን ጄሪካን ያስቀመጠች ሴትዮ ነበረች። በየቀኑ ጠዋት ከሰልፉ ፊት አድርጌ እሞላላት ነበር። ማታ ሳትመጣ ስትቀር ውሃውን ለአንድ ባልቴት እሰጥና ባዶዋን መልሼ አሰልፋታለሁ። ጠዋት ደግሞ እሞላለሁ። ይሄን አውቃለሁ። መጨረሻው ነው የጠፋኝ።»

«እንዴት ይጠፋዎታል? የሆነው በእርስዎ ላይ አይደል?»

«የሞተ ሰው የሚያስታውሰው በቁም ያለ ሰው ሲያወራለት ነው፣ ልጄ። ፋናዬ ታወራልኛለች። መሃሉ ላይ ስትደርስ ሳቅ እሰማለሁ። ከዚያ ዝም። ሁልጊዜ እዚያችው ላይ ነው የሚቆምብኝ። አሁን ደግሞ ከነጭራሹ ዝም ካለች አስራ አንድ ቀኗ ነው።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አንተ ስንት ጊዜ ሰምተሃታል አሉ። እስቲ ንገረኝ። ሴትዮዋ ጄሪካኗን ልትወስድ መጣች?»

አምሳሉ አፉን ከፈተ።

«በየቀኑ ጠዋት ጄሪካኗን…» ብሎ ጀመረ።

«እሱንማ አልኩህ። ከዚያስ?»

«ከዚያማ…»

ከዚያ የለም። አምሳሉ አእምሮውን እንደ ኪስ ገልብጦ ፈተሸ። መጀመሪያ የነገረችው ጊዜ ስልኩ ጠርቶ ነበር። እናቱ ቤት ፋናዬ ስታወራው እሱ ወንበር ሊያመጣ ተነስቶ ነበር። አንድ ጊዜ አልጋ ላይ ጀመረችለትና እንቅልፍ ወሰደው። ሌላ ጊዜ «አውቃታለሁ» ብሎ እሱ ጨረሰላት፣ ከራሱ ፈጥሮ። እሑድ ደግሞ ሰምተናታል አለ። የወሬዋን እኩሌታ ሃያ ጊዜ ሰምቷል፤ ሌላውን እኩሌታ አንድ ጊዜም አልሰማም። በሕይወቱ እንደዚያ ያፈረበት ቀን የለም። የሚስቱ አባት ዓይን ዓይኑን እያዩት ይጠብቃሉ።

«አላውቅም» አለ በመጨረሻ። «መጥታ እንደሁ አላውቅም።»

አቶ ይመር አልተቆጡትም። ኮፍያቸውን አውልቀው አራገፉና መልሰው አደረጉ። ሳይቆጡት መቅረታቸው የበለጠ ከበደው።

«ወረፋ ደግ ነገር ነው» አሉ። «ሃያ ሁለት ዓመት አይቼዋለሁ። ሰው ቆሞ ከሚደክም ዕቃው ይቁምለት፤ እሱም ሥራውን ይሥራ፣ ልጁንም ያጫውት። ግን ጄሪካን በራሷ እግር ቤት አትገባም። መጥቶ የሚያነሳት ሰው ትፈልጋለች።»

«እኔ ላንሳት?»

«እኔን ትጠይቀኛለህ?»

አምሳሉ ጎንበስ አለ። ድንጋይ የሆነው እግሩ ለቀቀው። ጄሪካኗን በሁለት እጁ አቅፎ ሲያነሳት ከውሃ ሁሉ ከባድ ነበረች። ጆሮውን ሆዷ ላይ አደረገ። ውስጥ ሰው ይናገራል። ከጎረቤት ክፍል እንደሚመጣ ድምፅ ነው፤ ቃሉ አይለይም፣ ድምፁ ግን የፋናዬ ነው። እሱን ነው የምታናግረው። አምሳሉ ክዳኗን ይዞ ማዞር ጀመረ። አንድ ዙር። ሁለት ዙር።

ቧንቧው ድንገት ጉርጉሩን አቆመ። በቅሎዋ አፏን እንደከፈተች ቀረች። ከሰልፉ መጨረሻ አንድ ሰው «ጠፋ!» ብሎ ጮኸ። ሌላውም ተቀበለው። «ጠፋ! ጠፋ!» አቶ ይመር ከዱካቸው ብድግ ብለው «ቶሎ በል እንጂ ልጄ!» አሉት።

«ጠፋ! መብራት ጠፋ!» አለ ኮሪደሩ ላይ አንድ ሰው፣ አምሳሉም ነቃ።

የክፍሉ ማራገቢያ ቆሟል። ስክሪኖቹ ሁሉ ጠቁረዋል። ጠረጴዛው ሥር መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ለሩብ ሰዓት እንዲያቆይ የተገዛ ባትሪ አለ፤ ከሞተ ስድስት ወሩ ነው፣ ይቀየር የሚል ደብዳቤ ከተጻፈ ደግሞ አምስት ወሩ። አምሳሉ ጉንጩ ላይ የጠረጴዛው ጠርዝ እንደታተመበት ጨለማውን ስክሪን እያየ ደረቀ። ወረፋው ፕሮግራም ቢዘጋ መልእክቱን ይጠብቃል፤ ፕሮግራም ቢሞትም ይጠብቃል። መብራት ከጠፋ ግን የሚያስታውሰው አንድም ነገር የለም። ይሄን እሱ ራሱ ነው ለሰአዳ ያስተማራት።

ከአራት ደቂቃ በኋላ መብራቱ ተመለሰ። ማራገቢያው ተንቀሳቀሰ። ኮምፒውተሩ ተንሾካሽኮ ተነሳ። አምሳሉ ወረፋውን ከፈተ። ጥጉ ላይ «0» ይላል። ንጹሕ ዜሮ። አስራ አንድ ቀን ያፈጠጠባት አንዷ መልእክት የለችም።

ከጀርባው ወንበር ሲንቋቋ ሰማ። ፋናዬም የእሷን ስክሪን ከፍታ ያቺኑ ዜሮ እያየች ነው። ወደ እሱ አልዞረችም። የሰአዳን ባዶ ወንበር እያየች፣ ከአስራ አንድ ቀን ወዲህ ባልሰማው ለስላሳ ድምፅ፣

«ሰአዳ» አለች፣ «አነበበው ወይ በይው።»

ሰአዳ የለችም። አምሳሉም ወንበሩን አየ። አዎ ማለት ይችላል። አዎ ቢል ነገሩ እዚህ ላይ ያልቃል፤ ፋናዬ ትዞራለች፣ ምሳ ዕቃው ይከፈታል፣ ማታ አብረው ቤት ይገባሉ። ምን እንደጻፈችለት ሳያውቅ ዕድሜውን ሙሉ የሚያውቅ መስሎ ይኖራል። ለዚህስ ማን ብሎት፣ ልምዱ ነው። አዎ የምትለዋ ቃል ምላሱ ላይ ደርሳ ተመለሰች።

«ሰአዳ፣ አላነበበውም በያት» አለ። «ሳያነበው ጠፋበት በያት።»

ማራገቢያው ሁለት ሦስቴ ተሽከረከረ።

«ረጅም ነበር በይው» አለች ፋናዬ ለወንበሩ። ድምጿ አሁን ለስላሳ አልነበረም።

«ትድገምለት በያት።»

«ሁለተኛ አይወጣልኝም በይው።»

አምሳሉ ወንበሩን አዞረና ሰአዳ የተቀመጠች ይመስል በባዶው ወንበር አሻግሮ የሚስቱን ጀርባ አየ።

«ፋናዬ» አለ፣ «ያቺ ሴትዮ ጄሪካኗን ልትወስድ መጣች?»

ፋናዬ ቀስ ብላ ዞረች። ዓይኖቿ ቀልተዋል። አፍጥጣ አየችው፣ ያሾፍባት እንደሆነ ለማወቅ።

«ሰምተናታል ብለህ አልነበር?» አለችው።

«አልሰማሁም» አለ አምሳሉ።